የምክር ዓምድ፦ በታክሲ ተሳፍሬ ለተሰበረው እጄ ማን ይክሰኝ?

ጥያቄ

«በአንድ የሴቶች የውበት ሳሎን ወንበር ተከራይቼ ፀጉር የምሠራ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአራት ወራት በፊት ጠዋት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚኒባስ ታክሲ ስሄድ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል እንደወረድን አንድ የቤት መኪና ከጎን ገብቶ እኔ በተቀመጥኩበት በበሩ በኩል ገጨን። የቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት ገብቶበታል፤ ሐኪሙ ብረቱ ከጊዜ በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ነግሮኛል። እስካሁን ሹሩባ መሥራት አልቻልኩም። የታክሲው ባለቤት በሽማግሌዎች በኩል 20,000 ብር ልስጥሽና "በእርቅ ጨርሻለሁ" ብለሽ ፈርሚልኝ ይለኛል። የቤት መኪናው አሽከርካሪ «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ከእነሱ ጠይቂ» ካለኝ ወዲህ ስልኬን አያነሳም፤ መኪናውንም በውክልና ነው የገዛው ይባላል። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ጥፋቱን በእሱ ላይ እንዳደረገ ሰምቻለሁ፣ ወረቀቱን ግን አላየሁትም። ገቢዬ እጅ በእጅ ስለሆነ የደመወዝ ደብዳቤ የለኝም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ከከሰስሽ የታክሲው ሾፌር ይታሰራል፣ የልጆች አባት ነው እያሉ ያስጨንቁኛል። ማንን ልጠይቅ? ብሩንስ ልቀበል?»

ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይማርዎ። ደብዳቤዎ ብዙ ጥያቄዎችን የያዘ ቢሆንም አብዛኞቹን የሚፈታው አንድ ነገር በመሆኑ ከእሱ እንጀምር። እርስዎ መሪ አልያዙም፤ በመሆኑም ከሁለቱ አሽከርካሪዎች ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አጣርተው ካልመጡ ካሳ አይሰጥዎትም የሚል ሕግ የለም። ይሁን እንጂ የታክሲው ባለቤትና የቤት መኪናው ባለቤት ለእርስዎ ኃላፊ የሚሆኑት በተለያዩ ሕጎች ነው፤ አንደኛው ሕግ የካሳ ጣሪያ ሲኖረው ሌላው የለውም። ፈርሚ የተባሉት ወረቀት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቤት መኪናው ብንነሳ፣ በእርስዎና በዚያ መኪና ባለቤት መካከል ምንም ዓይነት ውል አልነበረም። እንዲህ ያለው ግንኙነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከተው ክፍል ነው። የሕጉ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው፣ እንዲያውም ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር ነፃ አይወጣም። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ ጥፋት የለብኝም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» በማለት ከኃላፊነት እንዳያመልጥ ይከለክለዋል። ያለው መከላከያ የተጎጂውን የራሱን ጥፋት ማስረዳት ብቻ ነው፤ በታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጠው በነበሩት በእርስዎ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ማግኘት ይቸግረዋል። «ታክሲው ፈጥኖ ነበር» የሚለው ክርክርም ባለቤቶቹ እርስ በርስ ሲተሳሰቡ የሚያነሡት እንጂ የእርስዎን መብት የሚያስቀር አይደለም። በዚህ መንገድ የሚጠየቀው ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ሕጉ ስለሚደነግግ አስቀድሞ የተቆረጠ የገንዘብ ወሰን የለበትም።

ከታክሲው ጋር ያለዎት ግንኙነት ግን የተለየ ነው። ሒሳብዎን ለረዳቱ ከፍለው ሲሳፈሩ፣ ቲኬት ባይቆረጥልዎትም የማጓጓዝ ውል ተመሥርቷል፤ በውል ለተሳሰሩ ሰዎች ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከላይ የጠቀስነውን የባለቤትነት ኃላፊነት ትቶ ወደ ውሉ ሕግ ይመራቸዋል። ይህ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መንገደኞች ማጓጓዝ የሚደነግገው ክፍል ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል ሳይሽረው ትቶታል። በሕጉ መሠረት አጓዡ መንገደኛውን በደኅና የማድረስ ግዴታ ስላለበት ለደረሰብዎ የአካል ጉዳት ይጠየቃል፤ ሆኖም አንቀጽ 597 ካሳው ለአንድ መንገደኛ ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ መጠን በወጣበት ዘመን ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በግል ሆስፒታል ለአንድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና አይበቃም። ሕግ አውጪው ከስልሳ ዓመታት በላይ ሳይነካው መቆየቱ በየቀኑ ታክሲ ላይ ለሚወጣ ሕዝብ አሳዛኝ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። ከጣሪያው በላይ መጠየቅ የሚቻለው በአንቀጽ 599 መሠረት፣ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እየታወቀ በተፈጸመ ድርጊት ወይም ጉድለት አደጋው መድረሱ ሲረጋገጥ ነው፤ ለምሳሌ ፍሬኑ እንደማይሠራ እያወቁ ታክሲውን ማሰማራት ለዚህ ክርክር መነሻ ይሆናል። ይህን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው ግን በእርስዎ ላይ ነው።

እንግዲህ የእኛ ምክር ሁለቱንም ባለቤቶች በአንድ ክስ እንዲጠይቁ፣ የክሱን ዋና ክብደት ግን በቤት መኪናው ባለቤት ላይ እንዲያሳርፉ ነው። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ ሲሆኑ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሚያደርጋቸው፣ ጣሪያ የሌለበትን ሙሉ ካሳ ከቤት መኪናው ባለቤት መጠየቅ ይችላሉ። ታክሲውን ብቻ የሚከሱ ተጎጂዎች ብዙዎች ናቸው፤ ባለቤቱ በቀላሉ ስለሚገኝና ታክሲው በየቀኑ ተራ ላይ ስለሚታይ ይመስለናል። የሚደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጣሪያ ሥር ነው።

አሁን ወደ 20,000 ብሩ እንመለስ። ሽማግሌ መላኩም ሆነ እርቅ መፈለጉ ክፉ ነገር አይደለም፤ ባለቤቱም በቅን ልቡና አስቦት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። በሕጋችን ተዋዋዮች ክርክራቸውን በስምምነት ለመጨረስ የሚፈርሙት ውል በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «ለደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ ካሳዬን ተቀብዬ በእርቅ ጨርሻለሁ፤ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» ብለው ከፈረሙ በኋላ ክንድዎ እንደ ቀድሞው እንደማይታጠፍ ቢረጋገጥ እንኳ በታክሲው ባለቤት ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ተቀባይነት የለውም። «ለደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ» የሚለውን ሐረግ የቤት መኪናው ባለቤት ጠበቃም ይዞ «ካሳዋን አንድ ጊዜ ወስዳለች» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል፤ ክርክሩን ቢያሸንፉ እንኳ አንድ ዓመት ሊያባክንብዎ ይችላል። በአራተኛው ወር፣ ብረቱ ገና ክንድዎ ውስጥ እያለ፣ የጉዳቱን ልክ ሐኪምም አያውቀውም፤ ልኩ ባልታወቀ ነገር ላይ «ሁሉ» የሚል ቃል መፈረም አይገባም።

ገንዘቡ ለዛሬ ወጪ ካስፈለገዎት፣ መቼም ለአራት ወራት ሥራ ላልሠራ ሰው አያስፈልግም አንልም፣ በሌላ አጻጻፍ መቀበል ይቻላል። ወረቀቱ «ለሕክምናና ለመድኃኒት ወጪ መሸፈኛ እንዲሆን፣ ከጠቅላላው ካሳ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ 20,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ይህ ክፍያ በባለቤቱም ሆነ በሌላ ማንኛውም ወገን ላይ ያለኝን ቀሪ የካሳ መብት አያስቀርም» የሚል ይሁን። ቀን፣ የሁለቱም ወገኖች ፊርማና የምስክሮች ስም ይስፈርበት፤ ቅጂውም በእጅዎ ይቅር። ባለቤቱ በዚህ አጻጻፍ አልከፍልም ካለ፣ ሲፈልግ የነበረው ፊርማዎን እንደነበር ያውቃሉ።

ስለ ኢንሹራንሱ አሽከርካሪው የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት አይችልም፤ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ስቲከርም የዚህ ምልክት ነው። እርስዎ ለቤት መኪናው ሦስተኛ ወገን ስለሆኑ ወደ መድን ድርጅቱ ቀርበው ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። እውነት ያልሆነው ግማሽ ግን መድን ድርጅቱ ከከፈለ በኋላ ባለቤቱ ነፃ ይወጣል የሚለው አስተሳሰብ ነው። ይህ ግዴታ የሆነው መድን የራሱ ወሰን አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ወሰን 40,000 ብር የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በደንብ ከፍ እንዲል ተደርጓል። በመሆኑም አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ወሰን ድርጅቱ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ይጠይቁ፤ ከወሰኑ በላይ ያለውን ጉዳት የመክፈል ግዴታ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከግዴታው በላይ ሰፊ ሽፋን ያለው ውል ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ። መድን ድርጅቱ ገንዘብ ሲከፍል የሚያስፈርመው የማጠናቀቂያ ቅጽ ከላይ ስለ እርቅ ወረቀት የተናገርነው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ከመፈረምዎ በፊት ክፍያው የመድኑን ወሰን ብቻ የሚመለከት መሆኑንና በባለቤቱ ላይ ያለውን መብት የማይነካ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ያስገቡበት።

እግረ መንገዳችንን ለሌሎች አንባቢዎች እንጠቁም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ጉዳት ሲያደርስ ተጎጂው የሚያመለክተው ወደ መንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። በወዳጅ መኪና ያለ ክፍያ ተሳፍሮ የተጎዳ ሰው ደግሞ ባለቤቱን የሚጠይቀው የአሽከርካሪውን ጥፋት ካስረዳ ስለሆነ የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ለእሱ እጅግ ወሳኝ ነው። በአሠሪ ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛም ጉዳቱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ስለሚቆጠር ከአሠሪው የሚያገኘው ሌላ መብት አለው።

«በውክልና ነው የገዛው» የሚለው ወሬ አያስደንግጥዎ። በከተማችን መኪና በውክልና እየተላለፈ ሊብሬው በመጀመሪያው ባለቤት ስም ለዓመታት መቆየቱ የተለመደ ነው። ክሱን ሊብሬው ላይ ስሙ በሰፈረው ሰው ላይም፣ መኪናውን በእጁ አድርጎ በሚጠቀምበት ሰው ላይም በአንድነት ይመሥርቱ፤ ማን ለማን መመለስ እንዳለበት እነሱ ይከራከሩበት። የሊብሬውን ባለስም ለማወቅ የሰሌዳ ቁጥሩ በቂ ነው። መረጃው የሚገኘው ከከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለግለሰብ አንሰጥም ቢባሉ እንኳ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ ሊያስቀርበው ይችላል።

ፕላኑን አላየሁትም ማለትዎ ግን አሳስቦናል። በዚህ ሳምንት ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ጽሕፈት ቤት ሄደው የአደጋውን ሪፖርትና ፕላን ይመልከቱ፤ በመጀመሪያ መፈለግ ያለብዎትም የጥፋተኛውን ስም ሳይሆን የራስዎን ስም ነው። ተሳፋሪዎች ብዙውን ጊዜ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት በአላፊ አግዳሚ መኪና ወደ ሆስፒታል ስለሚወሰዱ በሪፖርቱ ላይ «የተጎዳ ሰው» ተብለው ሳይመዘገቡ ይቀራሉ፤ ከወራት በኋላም መድን ድርጅቱ «ይህች ሴት በዚያ ታክሲ ውስጥ ስለመኖሯ ማስረጃ የለም» ይላል። ስምዎ ከሌለ ሆስፒታል የገቡበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ካርድ፣ አብረውዎ የተሳፈሩ ሰዎችንና የታክሲውን ረዳት ቃል ይዘው ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ለፖሊስ በጽሑፍ ያመልክቱ። በፕላኑ ላይ መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ፣ የጎማ ምልክትና የግጭቱ ነጥብ በሜትር ይሰፍራሉ፤ ግጭቱ በታክሲው በር በኩል መሆኑ መመልከቱንም ያረጋግጡ፤ እርስዎ የተጎዱበትን ጎን የሚያስረዳው ይህ ነውና።

የሕክምና ማስረጃው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ራጅዎን፣ የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝርና ከሆስፒታል የወጡበትን ማጠቃለያ የሚይዘው የሕክምና ማስረጃ ነው፤ ይህን ሆስፒታሎች በተለምዶ የሚጽፉት በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲጠየቁ ነው። ሁለተኛው የሐኪሞች ቦርድ ሕክምናው ከተረጋጋ በኋላ ዘላቂውን የአካል ጉዳት በመቶኛ የሚወስንበት ነው። ካሳዎ በዋናነት የሚሰላው ከዚህ መቶኛ ተነሥቶ በመሆኑ ቦርድ ፊት ሲቀርቡ የሚናገሩትን አስቀድመው ያስቡበት። «ያመኛል» ማለት ለቦርዱ የሚነግረው ጥቂት ነው፤ የእጅዎ አንጓ ምን ያህል እንደሚዞር፣ ጣቶችዎ ቀጭን ዘለላ ፀጉር ቆንጥጠው ሲጎነጉኑ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚደነዝዙ፣ ክንድዎን ከትከሻ በላይ አንሥተው ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚችሉ ይንገሯቸው። ለጸሐፊ ቀላል የሆነ ጉዳት ለፀጉር ሠሪ ሙያ የሚያሳጣ ሊሆን ስለሚችል ሙያዎ በማስረጃው ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ብረቱን ለማውጣት ወደፊት ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በቃል የነገረዎትን በጽሑፍ ከነግምታዊ ወጪው ያግኙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤት ግን በክሱ ላይ ያልተጠየቀ ነገር አይሰጥም። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍያ፣ ለአስታማሚ የከፈሉት፣ ለምልልስ ያወጡት ትራንስፖርት፣ ሁሉም በቀን ቅደም ተከተል ይቀመጥ። ብዙ ደረሰኞች የሚታተሙበት ቀለም በጥቂት ወራት ስለሚጠፋ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያስደርጓቸው።

በጣም አስቸጋሪው ጥያቄዎ የገቢው ነው። ሕጉ የደመወዝ ደብዳቤ የግድ አይልም፤ በማንኛውም ተገቢ ማስረጃ ማስረዳት ይቻላል። በባንክና በቴሌብር ከደንበኞች የተላከልዎትን ገንዘብ የሚያሳይ ዝርዝር ከአደጋው በፊት ለነበረው አንድ ዓመት ያውጡ፤ ከሳሎኑ ባለቤት ጋር ያለዎትን የወንበር ኪራይ ስምምነት ያያይዙ፤ ባለቤቷ በቀን ስንት ደንበኛ ይሠሩ እንደነበር እንድትመሰክር፣ ሁለት ሦስት ቋሚ ደንበኞችም በየስንት ጊዜው መጥተው ምን ያህል ይከፍሉ እንደነበር እንዲናገሩ ይጠይቁ። ለሙሽራ የሠሩባቸው ቀናት ልዩ ገቢ ስለሚያመጡ ደንበኛ የላከችልዎት መልእክትና ፎቶግራፍ ሳይቀር ይጠቅማል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የንግድ ፈቃድ ካለዎትና ዓመታዊ ግብር የሚከፍሉ ከሆነ ለግብር ያስመዘገቡት ገቢና በክሱ የሚጠቅሱት ገቢ እጅግ የተራራቁ እንዳይሆኑ፤ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያስቀርበው የግብር ማኅደርዎን ነው፤ ለገቢዎች ትንሽ ተናግሮ ለፍርድ ቤት ብዙ መናገር ደግሞ የሌላውንም ማስረጃ ታማኝነት ያጠፋል። ማስረጃዎቹ ቁርጥ ያለ መጠን ባያሳዩ እንኳ ተስፋ አይቁረጡ፤ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ ግምት፣ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ሰጥቶታል። በርትዕ የሚወስን ዳኛም ቢሆን መነሻ የሚሆነው አኃዝ ይፈልጋል።

የሞራል ካሳ የሚባለውን ብዙ ሰዎች ትልቅ ገንዘብ አድርገው ስለሚጠብቁት እውነቱን እንንገርዎ። በአንቀጽ 2116 መሠረት ይህ ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ይጠይቁት፣ ነገር ግን ተስፋዎን አይጣሉበት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ እንደሚሠራ ሕጉ ቢገልጽም፣ አደጋው ከደረሰበት ቀን ሁለት ዓመት ቆጥረው ያንን እንደ መጨረሻ ቀን ይያዙት። የቦርዱን ውሳኔ መጠበቅ ይቻላል፤ ቦርዱን እየጠበቁ ሁለት ዓመት ማሳለፍ ግን አይቻልም። «ነገ እንከፍልሻለን» በሚል የስልክ ድርድርም አይዘናጉ።

የጠየቁት ካሳ ከ10 ሚሊዮን ብር ስለማይበልጥ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያው በጠየቁት ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ለመክፈል አቅም ካጡ በደሃ ደንብ ክስ እንዲመሠርቱ እንዲፈቀድልዎ ማመልከት ይችላሉ፤ ለዚህም አቅም እንደሌለዎት የሚያስረዳ ማስረጃ ከወረዳዎ ያስፈልግዎታል። ጠበቃ ለማቆም ካልቻሉ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያለውን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይጠይቁ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ለቀላል አቤቱታ ይጠቅማሉ፤ የእርስዎ ክስ ግን በሁለት ሕጎች ላይ የቆመ ስለሆነ አንዱን ባለቤት በንግድ ሕጉ፣ ሌላውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለይቶ የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ቀላቅሎ የተጻፈ ክስ የጣሪያውን ክርክር ለተከሳሾች በነፃ ይሰጣል።

በመጨረሻ የሾፌሩ ጉዳይ። የሚያቀርቡት የካሳ ክስ የፍትሐ ብሔር ክስ በመሆኑ ማንንም አያሳስርም። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በወንጀል ሲያስጠይቅ ጉዳዩን የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የእርስዎ ካሳ መጠየቅ ወይም አለመጠየቅ ያንን ሂደት አያስጀምረውም። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ እንደማይታሰር ይገልጻል፤ ካሳ መክፈሉ ደግሞ ጥፋተኛ ሆኖ ለሚገኝ ሰው ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ የታክሲውን ሾፌር በክሱ ውስጥ ላለማካተት ሙሉ መብት አለዎት፤ ኃላፊ የሚሆነው አጓዡ ባለቤት ነውና። ፕላኑ እንደተባለው ጥፋቱን በቤት መኪናው ላይ የሚያደርግ ከሆነ ሾፌሩ ለእርስዎ ዋና ምስክር ነው፤ መኪናው ከየት በኩል እንደገባ በፊት ለፊት መስታወት ያየው እሱ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ስለ እሱ ሲያነሡብዎ ስልክ ቁጥሩን ይቀበሏቸውና ስለ ምስክርነቱ እርስዎ ራስዎ ያነጋግሩት።